የቀሩ ሠራተኞች ዝርዝር

ሰበታ ውስጥ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኃላፊ ይባል እንጂ ክፍሉ እኔና አንዲት ጸሐፊ ነበርን፤ እሷም በዚያ ሰሞን የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ብቻዬን ነበርኩ። የሦስት መቶ ሰው የግል ማህደር፣ የቅጥር ውል፣ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ወረቀት፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩ በየጊዜው የሚመጣው ደብዳቤ ይከመራል፤ ስለ ጡረታ መዋጮ፣ ስለ ጊዜያዊ ሠራተኞች ውል፣ ስለ አደጋ መዝገብ። ሕግ ሲቀየር መጀመሪያ የሚደነግጠው ባለሀብቱ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። መጀመሪያ የምትደነግጠው ፖስታውን ከፍታ የምታነበው ናት።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች አንድ ላይ ያቅዳል በተባለው ፕላን የተነሳው ተቃውሞ፣ ፕላኑ ቀረ ከተባለም በኋላ አልበረደም። ቡራዩም ሱሉልታም እኛም ጋ አንድ ሳምንት ሰላም፣ አንድ ሳምንት ጭስ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ በእኛ መንገድ ፋብሪካ መቃጠል ጀመረ። ከቢሮዬ መስኮት ጥቁር ጭስ እያየሁ የማንኛው ግቢ እንደሆነ በአቅጣጫው ለመገመት እሞክር ነበር። ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሥራ አቁሞ ቤት መቀመጥ ተከለከለ። የእኔ ጠረጴዛ ላይ አሁን ሁለት ሕግ ነበር፤ አንደኛው ሠራተኛ የሚቀርበት በቂ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ያውቃል፤ ሁለተኛው ምክንያት አይጠይቅም።

አዋጁ በወጣ ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ቤቴ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ዓለም ገና ነበር የተከራየሁት። የደወለው የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። በተፍኪ አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ ክረምት ላይ ጤፉንም የሚያርስ፣ በሽመና ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ነው። የማሽኑን ድምፅ ከውጭ ሆኖ ሰምቶ የቱ ክር እንደተበጠሰ ይናገራል ይሉታል። ለሰውዬው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነበር፤ ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፣ ሳስበው ግን ሁልጊዜ እንደ አጎት ነው።

«ልጄ፣ አካም ቡልቴ?» አለኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው።

«ነጉማ ኦቦ። ምነው በሰላም?»

«መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። ሰርቪሱም አልመጣም። የተፍኪ ሰው በሙሉ ዛሬ አይገባም፤ ነገም እንጃ። በኋላ ሳያሳውቁ ቀሩ እንዳይባል ነው የደወልኩት። ለሁላችንም ጻፊልን።»

«እጽፋለሁ» አልኩት።

ከዚያ ሰርቪስ ውስጥ ገባሁ። አርባ ሰው በሚይዘው መኪና ውስጥ አምስት ነበርን፤ ሌላው መኪናውን ፈርቶ በእግሩ ሄዷል። ሾፌሩ ከፊት ለፊት መስታወቱ ሥር ለምለም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰክቷል፤ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ ማለት ነው፤ ያለ እሱ ማለፍ የለም። መጋረጃውን ዘጋን። ብዙም ሳንሄድ መኪናው ቆመ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ገባ። በሩ በጡጫ ተመታ።

«ወዴት ናችሁ?» የሚል ድምፅ በኦሮምኛ መጣ። «ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦ እናንተ ሥራ ትገባላችሁ?»

ሾፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ወንድሞቼ፣ ጥበቃዎቹ ትናንትና ያደሩ ናቸው፤ ሰው ልቀይር ነው» ሲላቸው ሰማሁ። ድምፁ ተረጋግቶ ነበር፤ እጁ ግን ከማርሹ አልተላቀቀም። አንድ ሰው መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጭሱ ይሁን ከለቅሶ አላውቅም። በእናቴ በኩል ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ቃናዬ ያሳብቅብኛል፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ምን ብል እንደሚያድነኝ፣ ምን ብል እንደሚያጠፋኝ አላወቅሁም። መጋረጃውን መለሰው። «እለፉ» አለ። ከኋላዬ የነበረችው የማሸጊያ ክፍል ልጅ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ስታስመልስ ሄደች።

ቢሮ ገብቼ በመጀመሪያ የሠራሁት የሥራዬን ነው። የዕለቱን የቀሩ ሠራተኞች ዝርዝር አወጣሁ፤ ስልሳ ሦስት ሰው፣ ሁሉም በተፍኪ መስመር የሚመጣ። በሊቀመንበሩ ስም ትይዩ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ፣ «መንገድ በመዘጋቱ የተፍኪ ሠራተኞችን በሙሉ ወክሎ በስልክ አሳውቋል» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ። ለእነሱ ብዬ ነው የጻፍኩት። አንድ ቀን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ፊት ብንቀርብ ማስረጃ ይሆናቸዋል ብዬ ነው። ከጎኑ ቀኑንና ሰዓቱን ጨመርኩ፤ ፈረምኩበትም።

ረቡዕ ዕለት ረፋዱ ላይ ጥበቃው ሳያንኳኳ ቢሮዬን ከፈተ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። «ሰው መጥቷል» አለና ገለል አለ።

የገባው ሰውዬ ሲቪል ነው የለበሰው። ከጸጥታ እንደመጣ ነገረኝ፤ መታወቂያውን አሳይቶ ሳላነበው መለሰው። ውጭ ሁለት የታጠቁ ሰዎች በአበባው መደብ ላይ ቆመው ነበር። ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም።

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«አዲስ አበባ ናቸው። መንገዱ ተዘግቶባቸው ነው።»

«እንግዲያው ካንቺ ጋር ነን። ከሰኞ ጀምሮ የቀሩት ሰዎች ዝርዝር ይፈለጋል፤ ከነአድራሻቸው።»

«ለሥራ አስኪያጁ ልደውልና...»

«መስመር የለም» አለኝ። ስልኩን ያነሳሁት እሱ ካለ በኋላ ነው። እውነትም መስመር የለም።

«በደብዳቤ ቢሆን ኖሮ... የሠራተኛ ማህደር ለሌላ አካል ስንሰጥ በደብዳቤ ነው» አልኩ። ይህን ማለቴን ዛሬም አስታውሳለሁ፤ ያኔ ያወጣሁት ድፍረት በሙሉ እሱ ነው።

ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አዋጅ በሁለት ጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረገውና፣ «እህቴ፣ አሁን ሌላ አዋጅ ነው ያለው። የቀረን ሰው የሚደብቅ ድርጅት ከቀሪው ጋር ነው የሚቆጠረው። አንቺ ደግሞ ድርጅቱ ነሽ፤ ሌላ ሰው አይታየኝም» አለኝ።

በአስቸኳይ ጊዜው መመሪያ ውስጥ አሠሪ እንዲህ ያለ ግዴታ እንዳለበት አላነበብኩም ነበር። ግን ልከራከር አልቻልኩም። እዚያው ያለውን፣ ሰኞ ያዘጋጀሁትንና ማክሰኞና ረቡዕን የጨመርኩበትን፣ አድራሻም ያለበትን ወረቀት አንስቼ ሰጠሁት። ንጹሕ ቅጂ ማውጣት እችል ነበር፤ አስተያየት የሌለበት፣ ስም ብቻ ያለበት። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ትዝ አላለኝም። ሰውዬው ከላይ ወደ ታች በጣቱ እየወረደ አነበበና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ሁሉንም ወክሎ የደወለው ይኼ ማነው?»

«የ... የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ለማሳወቅ ብቻ ነው የደወሉት። ሕጉ ማሳወቅ አለባችሁ ስለሚል።»

«አሃ» አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ወንበሩ አጠገቤ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ መንገዱ ተከፈተ፤ ሠራተኛውም አንድ አንድ እያለ ተመለሰ። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። የምሳ ሰዓት ላይ የሽመና ክፍል ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ሊቀመንበሩ ሐሙስ ማለዳ ከቤቱ ተወስዷል። የት እንዳለ አይታወቅም። ሐሙስ ማለት ዝርዝሩን በሰጠሁ ማግሥት ነው። የያዝኩትን ዳቦ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ሰዎቹ ሁሉ እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ፤ ማንም ግን አያየኝም ነበር። የጸጥታውን ሰው ሲገባ ያየው ጥበቃው ብቻ ነው። ወረቀት መስጠቴን ጥበቃውም አላየም።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን ገባ። የፋብሪካው ባለቤት የሀጂ የእህት ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ፈርቷል። የፈራበት አቅጣጫ ግን ከእኔ የተለየ ነበር።

«አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን የቀረ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል፤ ሕጉ ነው አይደል?» አለኝ። «ስልሳ ሦስቱንም ደብዳቤ ጻፊላቸው። አድመኛ ይዛችኋል ተብሎ ፋብሪካው እንዲታሸግ አልፈልግም።»

«ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ነው የሚለው።»

«ምክንያታቸው ምንድነው?»

«የእኛ ሰርቪስ ነው» አልኩት። የሰርቪሶቹን የጉዞ መዝገብ አምጥቼ ገለጥኩለት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በተፍኪ መስመር አንድም ጉዞ አልተመዘገበም። «ማመላለሻ እንሰጣለን ብለን በኅብረት ስምምነቱ ፈርመናል። መኪናውን ያልላክነው እኛ ነን። ቦርድ ፊት ይኼን መዝገብ ቢያቀርቡ ስልሳ ሦስቱንም ወደ ሥራ መልሱ እንባላለን። ከዚያ በፊት ደግሞ ስልሳ ሦስት ቤተሰብ በር ላይ ይቆማል። በዚህ ሰሞን በራችን ላይ ስልሳ ሦስት ቤተሰብ እንዲቆም ይፈልጋሉ?»

የመጨረሻው ነገር ነው የገባው። መስኮቱን አየ። ከዚያ፣ «ሊቀመንበሩስ? እሱ አሁንም አልገባም» አለ።

«ታስረዋል ይባላል።»

«ይባላል አይደለም እንዴ? በወረቀት ያሳወቀን አለ? የለም። ለእሱ ምንም ወረቀት ከማንም እንዳትቀበይ። እኛ የምናውቀው ነገር የለም።»

ይህን ያለው በከንቱ አይደለም። አዋጁ የታሰረ ሠራተኛ ውሉ እስከ ሠላሳ ቀን ታግዶ ይቆይለታል ይላል፤ አሠሪው ግን በአሥር ቀን ውስጥ ሊነገረው ይገባል። አሥሩ ቀን ካለፈ ሰውዬው እንዲያው የጠፋ ሠራተኛ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሕጉን የተማረው ከእኔ ነው።

ቀኑን መቁጠር ጀመርኩ። ሐሙስ ብሎ የጀመረው አሥረኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ዋለ። ለቤተሰቡ ሰው ልላክ ብዬ አሰብኩና ፈራሁ። በማን እልካለሁ? ስልክ ልደውል ብዬ ፈራሁ። ስልክ የሚሰማ ሰው ካለ፣ ምን አገባሽ ብሎ ቢጠይቀኝስ? በየቀኑ ወደ ቤት ስሄድ ከኋላዬ የሚመጣውን የጫማ ድምፅ እየሰማሁ እንዲያልፈኝ ዳር እየያዝኩ እቆም ነበር። አርብ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ነጋ።

ቅዳሜ የሥራ ቀኑ ግማሽ ነው። ልንወጣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረን ጥበቃው ብቅ ብሎ፣ «አንዲት ሴትዮ ከውጭ ናቸው፤ አይገቡም ተብሏል፤ ግን በእግራቸው ነው የመጡት» አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ፎቅ ላይ ነበር። ወደ በሩ ሄድኩ።

የሊቀመንበሩ ሚስት ናቸው። አንድ ጊዜ በሠራተኞች በዓል አይቻቸዋለሁ። ታክሲ የሚያስቆም ኬላ ስለበዛ ከተፍኪ እስከ ሰበታ በጎን መንገድ፣ በእርሻ መሐል ተጉዘዋል። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ጭቃ ነው። ከደረታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የቀበሌ ሰው ሊጽፍላቸው ስለፈራ የጎረቤት ተማሪ በደብተር ወረቀት ላይ የጻፈላቸው ነው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሲወስዱት ከበሩ ላይ ዞሮ የነገረኝ ይኼንኑ ነው። ልጆቹን አደራ አላለኝም። ከብቶቹን አላለም። በአሥር ቀን ለቢሮ አሳውቂ፣ ያቺን ልጅ ፈልጊ፣ እሷ ሕጉን ታውቃለች አለኝ። አሥር ቀን ዛሬ ነው አይደል? ቆጥሬያለሁ።»

«ዛሬ ነው እማዬ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ወረቀቱን ብቀበል ሥራ አስኪያጁ ያባርረኛል። ይህ ትንሹ ፍርሃቴ ነው። ትልቁ የዚያ ሰውዬ መመለስ ነው። ተመልሶ መጥቶ፣ ለታሰረ ሰው ማህተም የመታሽው አንቺ ነሽ ወይ ቢለኝ ምን እላለሁ? ወረቀቱን ባልቀበልስ? ሴትዮዋ በመጡበት እርሻ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ እኔም በጻፍኩት አንድ መስመር ሰውየውን አሳስሬ፣ ባለመጻፍ ደግሞ ሥራውን እወስድበታለሁ።

ቢሮ ተመልሼ ማህተሙን በሻርፔ ሥር ይዤ ወጣሁ። የጥበቃው ቤት ውስጥ፣ የጥበቃው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በደብተሩ ወረቀት ላይ ማህተም መታሁ። ስቸኩል ማህተሙ ድርብ ሆኖ ወጣ። ደግሜ መታሁት። «በዛሬው ቀን ደርሶናል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ወደ ፎቅ መውጣት ስለሚያስፈልግ ያንኑ ጽሑፍ በሌላ ወረቀት በእጄ ገልብጬ፣ እሱም ላይ ማህተም መትቼ ሰጠኋቸው።

«ይኼንን እንዳይጥሉት። ዝናብ እንዳይነካው።»

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ጥበቃው ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ነበር። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ ሳይዞር።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ራሴ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእኔ ይስማ አልኩ። አንብቦ ጮኸብኝ፤ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ ማስጠንቀቂያውን ራሴው ማህደሬ ውስጥ አስገባሁት፤ ማህደሩን የሚይዝ ሌላ ሰው ስለሌለ። ከሥራ ግን አላባረረኝም። አጎቱ ሀጂ ሲሰሙ፣ «ወረቀት ይዛ የመጣችን ሴት በር ላይ መመለስ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ብለዋል አሉ።

ያ ወረቀት ሠላሳ ቀን ገዛ። በሠላሳዎቹ ቀናት ውስጥ በየጠዋቱ የፋብሪካውን በር አያለሁ፤ አይመጣም። በሠላሳ አንደኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ሳይጠራኝ ራሱ ቢሮዬ መጣና፣ «እንግዲህ ሕጉ ያንቺ ነው» አለኝ። የስንብት ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገለን ሰው በአራት መስመር። ቃላቱን ለማለስለስ ሞከርኩ፤ የስንብት ደብዳቤ አይለሰልስም።

ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ፀጉሩ ተላጭቷል። ኮቱ የሌላ ሰው ይመስል ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። የት እንደነበረ አልጠየቅሁትም፤ አልነገረኝም። ደብዳቤውን ሰጠሁት፤ አነበበና አጥፎ በጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ሠላሳ ነው እንዴ? እኔ አርባ አምስት መስሎኝ ነበር» አለ ብቻ።

ሀጂ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው እንዲመለስ ለመንኳቸው። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን እያሻሹ ሰሙኝና፣ «እንደ አዲስ ይቀጠር» አሉ። ከዚያ በላይ አልቻሉም፤ እሳቸውም ይፈሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን አዲስ ከሆነ የሙከራ ጊዜ ይኑረው ብሎ በውሉ ውስጥ አርባ አምስት ቀን አስጻፈ፤ በማንኛውም ቀን ያለ ምክንያት ለማሰናበት። አዋጁን ይዤ ፎቅ ወጣሁ። «በአንድ አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ እንደገና የተቀጠረ ሠራተኛ ለሙከራ አይቀጠርም» የሚለውን አንቀጽ ከፊቱ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ብዕሩን አንስቶ መስመሩን ሰረዘ።

ውሉን ሲፈርም ቢሮዬ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ልነግረው ቆርጬ ነበር። ብዕሩን ሲመልስልኝ ነው የወጣኝ።

«ኦቦ፣ ዝርዝሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰኞ የደወሉልኝን ጽፌበት ነበር። እሱን አይተው ነው የመጡብዎት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ውጭ የሽመና ማሽኖቹ ይጮኻሉ።

«የእኔን ስም ካንቺ በፊትም ያውቁታል፣ ልጄ» አለ። «እዚያ ሲጠይቁኝ ስለ ስልክ የጠየቀኝ የለም።»

እውነት ይሁን፣ እኔን ለማሳረፍ ይሁን፣ ያኔም አላወቅሁም፤ እስካሁንም አላውቅም። ልጠይቀው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። መልሱን ፈርቼ ተውኩት።

ተነስቶ ወደ ሽመና ክፍል ሄደ። አዲስ ገቢ ሁሉ ስለ ማሽን አደጋ መመሪያ ሊሰጠው ይገባል የሚል ግዴታ ስላለብን፣ እሱ ራሱ ያስተማረው የፈረቃ አለቃ ወረቀት ይዞ ጠበቀው። አለቃው አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ አባባ፣ ማንበብ አለብኝ» አለው። ሊቀመንበሩ ኮቱን አውልቆ ሰቀለና እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆመ። «አንብብ» አለው። እስከ መጨረሻው መስመር አዳመጠና መስማቱን ለማረጋገጥ ፈረመ። ከዚያ ማሽኑን አስነሳ።